የልብስ ማጠቢያው ትዕይንት

በዚያ ዝናባማ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሴሚሲ ቤት አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ ሳሎን ውስጥ፣ አንዱ በረንዳ ላይ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ ከሁሉ በወፈረው ምንጣፍ ላይ አክስት ሎሴሊ ተቀምጠዋል። ጎረቤቷ ፊፊታ ከጎናቸው ጋደም ብላ መቆጣጠሪያውን እንደ ማንኪያ ይዛለች። የቤቱ ልጅ ላታይ ግድግዳውን ተደግፋ የትራስ ልብስ ትሰፋለች። ኢኖኬ ከበሩ አጠገብ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። የቤቱ ባለቤት ሴሚሲ በረንዳው ላይ፣ ከእንጨት ወንበራቸው ሳይነሡ፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው በቶንጋ ዋና ከተማ በኑኩዓሎፋ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያያሉ።

ሴሚሲን ከገዛ ሳሎናቸው ያስወጣቸው ማንም የለም። አክስት ሎሴሊ ታላቅ እኅታቸው ናቸው። በአገሩ ልማድ ወንድምና እኅት አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ፊልም አያዩም፤ በመካከል አንዱ የአንዷን እጅ ቢይዝ ወንድም ዓይኑን የት ያደርጋል? እኅት ካለች ወንድም ውጭ ይቀመጣል፤ ወይም ከበሩ ተጠግቶ ይቆይና የፍቅሩ ነገር ሲመጣ ቀስ ብሎ ይነሣል። ሲነሣ ማንም አይጠይቀውም። መነሣቱ ራሱ ንግግር ነው፤ «ይህች እኅቴ ናት» ማለት ነው። ሴሚሲ ፀጉራቸው ነጭ እስኪሆን ድረስ ከእኅታቸው ጋር የአንድ ፊልም መጨረሻ አይተው አያውቁም።

ኢኖኬም የላታይ ወንድም ይባላል።

በሥጋ አይደለም። ሴሚሲ ወንድ ልጅ አልወለዱም። ኢኖኬ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ፣ ከሃአፓይ ደሴቶች በአንዷ ከሚኖር ወዳጃቸው ቤት አመጡትና «ለልጄ ወንድም ይሁናት» አሉ። ከዚያ በኋላ አስተማሩት፣ ቀጡት፣ መረቁት፤ ከማንም አባት ያላነሰ አደረጉለት። እሱም በግቢው ጥግ ባለችው በወንዶች ጎጆ ብቻውን እያደረ፣ አሳማዎቹን እየቀለበ አደገ። ላታይ ሳሎን ካለች አይገባም። ገብታ ካገኘችው ይወጣል። ልጅነታቸውን በሙሉ አንዱ የሌላውን ድምፅ በግድግዳ በኩል እየሰማ ኖሩ።

ነገሩ የተለወጠው በባሕር ማዶዋ ከተማ ሱቫ፣ ዩኒቨርሲቲ በነበሩበት ጊዜ ነው። በተማሪዎቹ ማደሪያ ምድር ቤት አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። በየማክሰኞው «የሦስተኛው ፎቅ ልጆች» የሚባለው የአውስትራሊያ ተከታታይ ድራማ ሲጀምር ቶንጋው፣ ሳሞኣው፣ ኪሪባሱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ድራማው የኮሌጅ ልጆች ኑሮ ነው፤ አንድ ፎቅ ላይ አብረው ይኖራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ኢኖኬ መጀመሪያ መጀመሪያ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር የሚያየው። አንድ ማክሰኞ ግን መቀመጫ የተረፈው ከላታይ ጎን ብቻ ሆነና ተቀመጠ። በዚያ ምሽት ኖራ የምትባለው ተማሪ የቆሸሸ ልብስ በቅርጫት ይዛ ወደ ማጠቢያ ክፍል ወረደች፤ ቤን እዚያ ነበር፤ ፀጉሯ ላይ የተያዘ ካልሲ አነሣላትና ሳማት። ላታይ ኢኖኬ አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል እያለች ጠበቀች። አንገቱ በላብ ርሷል። አላያትም። ግን አልተነሣም። ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ «ሻይ ላምጣልሽ?» አላት።

ከዚያ ወዲያ ፍቅሩን በቃል ነግሯት አያውቅም። አልተነሣም፤ ይኸው ነው የፍቅር ቃሉ። ላታይም ሌላ አልጠየቀችውም፤ ዓመታቱን በዚያች አንዲት አለመነሣት ጠግባ አሳለፈቻቸው።

ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የአውሮፕላኑ በር ተከፈተ፤ ኢኖኬም ሻንጣዋን አንሥቶ እንደ ወንድም ከኋላዋ መሄድ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ መምህር ሆኖ ወደ ሃአፓይ ተላከ። በየመርከቡ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ለእሷ ሳይሆን ለቤቱ። ሴሚሲ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ያነቡታል። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለእኅቴም ሰላም በሉልኝ።» ላታይ መጀመሪያ ሰሞን ይህን በሰማች ቁጥር ወጥታ አለቀሰች። ኋላ ላይ ማልቀሱ ቀረ። ከዚያ መስማቱም ቀረ፤ አባቷ ሲያነቡ እሷ ሳህን ታጥባለች።

አሁን ደግሞ ሳሚዩ የሚባል፣ ኦክላንድ ጣሪያ የሚሠራ ጨዋ ሰው ሊያገባት ይፈልጋል። በስልክ አንድ ጊዜ አነጋግሯታል። «ብርድ ትወጃለሽ?» አላት። «አላውቅም» አለችው። ቤተሰቦቹ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ምንጣፍና አሳማ ይዘው ይመጣሉ። ሴሚሲም ለኢኖኬ «እኅትህ ልትጠየቅ ነው፤ ወንድሟ ካልቆመላት ማን ይቆማል?» ብለው ላኩበት። ረቡዕ በመርከብ ደረሰ። ለእንግዶቹ የሚሆነውን የምድር ምድጃ ቆፈረ፣ የአሳማዎቹን በረት ጠገነ። ከላታይ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገረም።

ከገበያ ያን የድሮ ድራማ በዲስክ ተቀድቶ ያገኘችው ፊፊታ ናት። አክስት ሎሴሊ ሰሙና «አምጪው፤ ሱቫ ምን ሲማሩ እንደ ከረሙ እኔም ልይ» አሉ። ቀጥለውም «ኢኖኬንም ጥሩት» አሉ።

ላታይ አክስቷን ታውቃለች። በዚህ ቤት ከአባቷ በላይ የሚሰማው የእሳቸው ቃል ነው፤ ከሰው ፊትም ልብ ያነባሉ። ኢኖኬ ዛሬ ከተነሣ የላታይ ነገር አለቀ፤ የሳሚዩ ናት። ካልተነሣ ግን ወንድሟ አይደለም ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እግዚአብሔር ይወቀው። ይህን ሁሉ እያወቀች ልቧ አልፈራም፣ ተስፋም አላደረገም። ከጥርስ ሐኪም ዘንድ እንደ ወጣች ሴት ከንፈር ደንዝዛ ነበር።

«እነዚህ ልጆች መቼ ነው የሚያጠኑት?» አለች ፊፊታ። «ከምሳ ጀምሮ እያየናቸው ነው፤ አንዱ እንኳ መጽሐፍ አልገለጠም።»

«መብላቱንስ መቼ በሉ?» አሉ አክስት ሎሴሊ። «ፍሪጅ ይከፍታሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይዘጋሉ። ላታይ፣ እናንተም እንዲህ ነበራችሁ?»

«እኛ ፍሪጅ አልነበረንም አክስቴ።»

ከበሩ በኩል ኢኖኬ ሳቅ አመለጠው።

«አንተን ደግሞ ምን አሳቀህ?»

«ድስት ነበረን አክስቴ። አንድ ድስት። እሱም ክዳን የለውም።»

«የማን ድስት?»

ጥያቄው ፈጥኖ መጣ። ኢኖኬ ሳቁን ዋጠ። «የተማሪዎቹ» አለ።

የሁለቱ ድስት ነበር። ጎደሬና የታሸገ ዓሣ ይቀቅሉበት ነበር። ላታይ ከመርፌዋ ቀና ብላ ወደ ስክሪኑ አየች። ያኔ ኖራና ቤን ከእሷ የበሰሉ፣ ሁሉን የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ይመስሏት ነበር። አሁን ሕፃናት ናቸው። ቤን አገጩ ላይ ብጉር አለበት። ኖራ ለምታለቅስበት ነገር ሁሉ ላታይ «ተኚና ይለፍልሽ» ማለት አማራት። እነዚህ ልጆች እንዳሉ አሉ፤ እዚያው ፎቅ ላይ ናቸው። ያረጀችው እሷ ብቻ ናት።

ኖራ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ተጣላች። ሱቫ በነበሩ ጊዜ ድራማው እዚህ ላይ ቆሞ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ያስጠብቅ ነበር። ዲስኩን የቀዳው ሰው ግን የመግቢያውን ዘፈንም የመጨረሻውን ጽሑፍም ቆርጦ ጥሎ ክፍሎቹን አገጣጥሟቸዋል። ላታይ ይህን ታውቃለች፤ በዚህ ሳምንት ከፊፊታ ተውሳ ብቻዋን ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ስለዚህ ኖራ በሩን በርግዳ ስትወጣ ላታይ መርፌዋን አቆመች።

ኖራ ቅርጫቱን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ማጠቢያዎቹ ይዞራሉ። ቤን ከአንዱ ላይ ተቀምጧል።

ላታይ ስክሪኑን አላየችም። በዓይኗ ጥግ በሩን ነበር የምታየው።

ፊቱን ወደ በረንዳው ያዞረው ኢኖኬ ጉልበቱን ለቀቀ። ቀስ ብሎ ቆመ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ወጣ። ቤን ካልሲውን ከኖራ ፀጉር ላይ አንሥቶ ጎንበስ ሲል፣ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

አክስት ሎሴሊ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «የተባረከ ልጅ» አሉ።

ፊፊታ ዞር ብላ ላታይን አየቻትና ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ላታይ ልቅሶ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች፤ አልመጣም። ቤን የያዘው ካልሲ መጀመሪያ ነጭ እንደ ነበረ፣ አሁን ግን ግራጫ መሆኑን አየች። ይህን ሁሉ ዓመት ልብ ሳትለው ኖራለች። ከዚህ ሌላ ምንም አልተሰማትም።

ካሳቫውን አወጣለሁ ብላ ወደ ጓሮ ማድ ቤት ሄደች። ድስቱን ከፍታ እንፋሎቱን እያየች ሳለች ኢኖኬ ባዶ ብርጭቆ ይዞ መጣ። እሷ መኖሯን ሲያይ እንደ ልማዱ ከደፉ ላይ ቆመ።

«ና ግባ ወንድሜ» አለችው።

በሕይወቷ እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። ልጅ ሳለችም በስሙ ነበር።

«ምን አልሽኝ?»

«ወንድሜ አልኩህ። አይደለህም እንዴ? አክስቴም መረቁህ።»

«ምን አድርጌ?»

«ተነሥተህ።»

ኢኖኬ ብርጭቆውን አየ፣ እሷን አየ። «አባባ ኪኒናቸው አልወርድ ብሏቸው ጠሩኝ። አልሰማሽም? ውሃ ልሰጣቸው ነው የተነሣሁት።»

«አልሰማሁም። የልብስ ማጠቢያው ነበር።»

«የቱ ማጠቢያ?»

«ኖራና ቤን። ካልሲው።»

«እሱ እኮ ገና ነው። ከጠቡ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ አልጠበቅንም እንዴ? አንቺ ጥፍርሽን በልተሽ የጨረስሽበት…» ብሎ ቃሉን አቋረጠ። ለካ ማስታወሱን ሳያስበው ተናግሮታል።

«ዲስኩ ላይ ሳምንት የለም ኢኖኬ።»

ዝናቡ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድባል። ኢኖኬ ብርጭቆውን መደርደሪያ ላይ አኖረው። እጁ እርጥብ ነበር።

«ለውሃ ነው የተነሣሁት» አለ እንደገና።

«በዚህ ቤት ለውሃ መነሣት የለም። ተነሣህ፤ አክስቴ አዩ፤ እኔም አየሁ።»

«አንቺም አመንሽ?»

«እኔ ስንት ዓመት ‹ለእኅቴም ሰላም በሉልኝ› ስትል የሰማሁ ሴት ነኝ። ለምን አላምንም?»

«አባባ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ መምህሩ አንተ ነህ።»

ኢኖኬ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ተናደድሽብኝ?»

«አልተናደድኩም። ብናደድ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ነው የጠፋብኝ።» ካሳቫውን ወደ ሳህን ማውጣት ጀመረች። «ሳሚዩ ጥሩ ሰው ነው አሉ። ብርድ ትወጃለሽ ብሎ ጠይቆኛል።»

«ገብቼ ልንገራቸው?»

«ምን ብለህ? ሃያ ምናምን ዓመት ያበሉህን ሰው ‹የልጅዎ ወንድም አይደለሁም› ልትላቸው?»

«የሌላ ሴት አባት ቢሆኑ ኖሮ ቀላል ነበር» አለ ኢኖኬ። «እኔም ከእሳቸው ሌላ አባት የለኝም።»

«አውቃለሁ» አለች።

በእውነትም ታውቃለች። ስለዚህ አልለመነችውም። ሳህኑን አንሥታ ከጎኑ አለፈች። ሳህኑ ትኩስ ነበር፤ ጣቶቿ ግን ትኩስነቱን የነገሯት ሳሎን ደርሳ ካስቀመጠችው በኋላ ነው።

አክስት ሎሴሊ ከካሳቫው ቆንጥረው «ጨው አንሶታል» አሉ። ኖራ በስክሪኑ ላይ ለእናቷ ስልክ ትደውላለች። ላታይ ከግድግዳው ሥር ተመልሳ ተቀመጠች። ኢኖኬ መጣ። ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ አልተቀመጠም።

«አክስቴ» አለ።

«ምነው?»

«ያመለጠኝ ነገር አለ። ወደ ኋላ ይመለስልኝ?»

ፊፊታ ካሳቫውን ወደ አፏ ሳታደርስ ቀረች።

«የቱ ነው ያመለጠህ?» አሉ አክስት ሎሴሊ።

«የልብስ ማጠቢያው።»

አክስት ሎሴሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ አዞሩ። «ያመለጠህ ሊያመልጥህ የሚገባው ነው። ላታይ እዚህ ተቀምጣ የለም እንዴ?»

«አለች። ቅድም ለአባባ ውሃ ልሰጥ ወጥቼ ነው እንጂ ለሌላ አልወጣሁም።» ድምፁ የመምህር ሳይሆን የተማሪ ነበር። «እሷ ባለችበት ነው ማየት የምፈልገው።»

«የምትለውን ታውቀዋለህ አንተ ልጅ?»

«አውቀዋለሁ አክስቴ።»

«ፊፊታ፣ እንዳትነኪው።»

«ኧረ እማማ ሎሴሊ፣ እኔ የጎረቤት ሰው ምን አገባኝ» አለች ፊፊታ። «ጣቴ ግን ካሳቫ ነክቶ ነው መሰል አዳለጠኝ።»

ስክሪኑ ላይ ኖራ እየሮጠች ወደ ኋላ ሄደች፣ ደረጃውን በጀርባዋ ወጣች፣ ቆመች፣ እንደገና ቅርጫቷን ይዛ መውረድ ጀመረች። ኢኖኬ ከበሩ ሥር ተቀመጠ።

ማጠቢያዎቹ ይዞራሉ። የኖራ ድምፅ በመስኮቱ መስታወቶች መካከል አልፎ በረንዳው ድረስ ይሰማል። በረንዳው ላይ ወንበር ሲንቋቋ ሁሉም ሰሙ። ሴሚሲ ወደ በሩ መጡ። እኅታቸው ውስጥ ስላሉ አልገቡም፣ ወደ ስክሪኑም አልዞሩም፤ ከደፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። የሸሚዛቸው ትከሻ በዝናብ ርሷል።

«ኢኖኬ።»

«አቤት።»

«ውሃ አምጣልኝ።»

ሴሚሲ ገና አሁን ነው የጠጡት። ላታይ አባቷ ምን እያደረጉ እንደሆነ ገባት፤ መውጫ እየሰጡት ነበር። ተነሥቶ ቢወጣ ማንም አንድ ቃል አይናገርም፤ የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ ይሆናል፤ ልጅነቱም አይነካም።

ቤን ካልሲውን አነሣ።

«ይኼ ሲያልቅ አመጣለሁ» አለ ኢኖኬ። ከዚያ ጨመረበት፦ «ጋሼ ሴሚሲ።»

አባባ ብቻ ሲል የኖረ አፍ ነው። ሴሚሲ የተመቱ ሳይሆን ስማቸውን ከሩቅ የሰሙ ይመስል ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አደረጉ። ቤን ኖራን ሳማት። ኢኖኬ ዓይኑን አልሰበረም፤ አንገቱ በላብ ርሷል፣ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ ግን ያያል። ላታይም አየች። አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአባቷ ጣሪያ ሥር፣ አክስቷ ፊት እስከ መጨረሻው አዩት።

«ይቅር» አሉ ሴሚሲ። «ለካ ጠጥቻለሁ።»

ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ሲቀመጡ እንደ ወትሮው «እፎይ» አላሉም።

ላታይ ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። ይህን ቀን ስትመኝ ስንት ዓመቷ፤ ሲመጣ እልል እላለሁ፣ አለቅሳለሁ ብላ ነበር። የተሰማት ግን የግራ እግሯ ብቻ ነው፤ ብዙ ተቀምጣ ደንዝዞባት ነበር፤ አሁን ደም ሲመለስበት መውጋት ጀመረ። ያማል። አላሸችውም። እንዲያማት ተወችው።

አክስት ሎሴሊ ከምንጣፋቸው ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁ።

«እንግዳ በር ላይ አይቀመጥም» አሉ፣ ኢኖኬን ሳያዩት። «ወደዚህ ና። ካሳቫም ብላ፤ ጨው የለውም።»

ኢኖኬ እዚያ ቤት እንግዳ ተብሎ አያውቅም። ሄዶ ተቀመጠ፤ ካሳቫውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

በማግስቱ ጠዋት አክስት ሎሴሊ ኦክላንድ ደውለው የሳሚዩ ሰዎች እንዳይመጡ ነገሩ። ኢኖኬም ላታይን ለመጠየቅ ከሌላ ቤት መምጣት ስላለበት፣ ልብሱን ከወንዶቹ ጎጆ አውጥቶ ወደ ፊፊታ ቤት ወሰደ።